የጋለ ብረት ለምን ወፍሮ ይነበባል?

በ240 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እየሠራ ባለ የአረብ ብረት የእንፋሎት ቧንቧ ላይ፣ በ20 ዲግሪ ካሊብሬት የተደረገ (ውፍረቱ በሚታወቅ ብረት የተስተካከለ) የአልትራሳውንድ ውፍረት መለኪያ ቢቀመጥና 12.80 ሚሊ ሜትር ቢያነብ፣ ቧንቧው ያን ያህል ውፍረት የለውም። እውነተኛው 12.29 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። መሣሪያው አልተበላሸም፤ የተለወጠው ድምፅ በብረቱ ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነት ነው፤ መሣሪያው ደግሞ ብረቱ መጋሉን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ይህ መሣሪያ ውፍረት አይለካም፤ የሚለካው ጊዜ ነው። ድምፁ ከላይኛው ገጽ ገብቶ፣ የታችኛውን ገጽ መትቶ፣ ማሚቶው እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ይይዛል። ከዚያ እኛ በሞላንለት ፍጥነት ያባዛና ለሁለት ያካፍላል። የሞላነው 5920 ሜትር በሰከንድ ከሆነ ብረቱ ቢግልም ቢቀዘቅዝም በዚያው ቁጥር ያባዛል። ብረት ሲሞቅ ድምፅ ይዘገያል፣ ማሚቶው ቆይቶ ይመለሳል፣ መሣሪያውም የዘገየውን ጊዜ እንደ ተጨማሪ ውፍረት ይቆጥረዋል። ስህተቱን አደገኛ የሚያደርገው አቅጣጫው ነው፦ በዝገት የሳሳ ግድግዳ ገና ብዙ ዕድሜ ያለው መስሎ ይታያል።

ስለ ድምፅ ፍጥነት መጀመሪያ የምንማረው በአየር ነው። በአየር ውስጥ በ0 ዲግሪ 331 ሜትር በሰከንድ፣ በ20 ዲግሪ 343 ነው፤ በየዲግሪው ወደ 0.6 ሜትር በሰከንድ ይጨምራል። ውሃ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ በ20 ዲግሪ 1482 ሆኖ እስከ 74 ዲግሪ አካባቢ እየጨመረ ይሄድና ከዚያ መቀነስ ይጀምራል። ከእነዚህ ተነሥቶ ብረትም ሲሞቅ ይፈጥናል ብሎ የሚገምት ብዙ ነው። በብረታ ብረት ዘንድ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

በጠጣር ነገር ውስጥ ፍጥነቱን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የብረቱ ግትርነትና እፍግታው። ግትርነቱን ለእፍግታው አካፍሎ ስኩዌር ሩት ማውጣት ነው። ለአረብ ብረት የያንግ ሞጁለስ (የግትርነቱ መለኪያ) 210 ጊጋፓስካል፣ የፑዋሶን ሬሾ (ሲሳብ ወደ ጎን የሚቀጥንበት መጠን ከሚረዝምበት ጋር ሲነጻጸር) 0.29፣ እፍግታ 7850 ኪሎ ግራም በኪዩቢክ ሜትር ብለን ብናሰላ ሎንጊቱዲናል ሞገድ (አቶሞቹ ሞገዱ በሚሄድበት መስመር ወደፊትና ወደኋላ የሚንቀሳቀሱበት) 5920 ሜትር በሰከንድ ይወጣል። ሺር ሞገድ (ወደ ጎን የሚንቀሳቀሱበት) 3220 አካባቢ ነው። በቀጭን ዘንግ ውስጥ ደግሞ 5170 ገደማ ይሆናል። ሦስቱም የአንድ ብረት ፍጥነቶች ናቸው። ከሠንጠረዥ ላይ «የብረት የድምፅ ፍጥነት» የሚል ቁጥር አንሥቶ የዘንጉን ፍጥነት ውፍረት መለኪያ ውስጥ መሙላት የተለመደ ስህተት ነው፤ የሚያስከትለው ጥፋት ከ12 ፐርሰንት ይበልጣል። ስለ ሙቀት ማሰብ የሚቻለው ይህ ከተስተካከለ በኋላ ነው።

ብረቱን በ100 ዲግሪ እናሙቀው። አረብ ብረት በየዲግሪው ከርዝመቱ በሚሊዮን 12 ያህል ይሰፋል፤ በ100 ዲግሪ ይዘቱ 0.36 ፐርሰንት ይጨምራል፣ እፍግታውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የቀለለ ነገር ቶሎ ስለሚንቀሳቀስ ይህ ለብቻው ፍጥነቱን በ0.18 ፐርሰንት ከፍ ባደረገው ነበር። ግትርነቱ ግን በዚያው 100 ዲግሪ ከ3 እስከ 4 ፐርሰንት ይወርዳል፤ በስኩዌር ሩቱ ምክንያት ግማሹ፣ ማለትም ከ1.5 እስከ 2 ፐርሰንት፣ በፍጥነቱ ላይ ይንጸባረቃል። የመለስለሱ ድርሻ የመቅለሉን ወደ አሥር እጥፍ ስለሚሆን ድምፁ ይዘገያል።

ብረቱ ለምን ይለሰልሳል? በአቶሞች መካከል ያለው ትስስር እንደ ምንጭ ሽቦ ቢታሰብም ሚዛናዊ ምንጭ አይደለም። ሲጨመቅ አጥብቆ ይቃወማል፤ ሲሳብ ይላላል። ሙቀት ሲጨምር አቶሞቹ ይበልጥ ይርገበገባሉ፣ ወደላላው በኩል ያጋድላሉ፣ አማካይ ርቀታቸው ይሰፋል፣ በዚያ ርቀት ላይ ደግሞ ምንጩ ደካማ ነው። መስፋቱም መለስለሱም ከአንድ ምክንያት የሚመነጩ መሆናቸው ነገሩን ውብ ያደርገዋል። በተለይ ሺር ሞገድን ያየ ሰው ይህን በግልጽ ያገኘዋል፤ ወደ ጎን የመቋቋም ችሎታ ከመጨመቅ ተቃውሞ ፈጥኖ ይወርዳል፣ ብረቱ ሲቀልጥም ጨርሶ ይጠፋል። ሎንጊቱዲናል ሞገድ በቀለጠው ብረት ውስጥም ይጓዛል።

ይህን ሕግ ለመስበር ሆን ተብሎ የተሠራ ብረትም አለ። ሻርል ኤዱዋር ጊዮም ከኒኬልና ከብረት ባወጣቸው ቅይጦች በ1920 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አግኝቷል፤ ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኤሊንቫር በክፍል ሙቀት አካባቢ ግትርነቱን ሳይቀይር ይቆያል። የሰዓት ጥምዝ ምንጭ ከእሱ ሲሠራ ሰዓቱ በሙቀት ምክንያት አይሳሳትም። ተራ የአረብ ብረት ድምፅ መቃኛ ሹካ ግን ይሳሳታል፤ 440 ኸርዝ የሚያወጣ ሹካ በየዲግሪው ወደ 0.05 ኸርዝ ይወርዳል።

ወደ ቧንቧው እንመለስ። በአልትራሳውንድ ውፍረት ለመለካት የወጣው የኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ኢ797 ስታንዳርድ ለአረብ ብረት የሚሰጠው የመነሻ ደንብ በየ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1 ፐርሰንት የሚል ነው። በ20 ዲግሪ ካሊብሬት ተደርጎ በ460 ዲግሪ ከተለካ ልዩነቱ 440 ስለሆነ ከንባቡ 8 ፐርሰንት ይቀነሳል። በመነሻችን ምሳሌ ልዩነቱ 220 ዲግሪ ነው፤ 4 ፐርሰንት ማለት ነው፤ 12.80 ሲባዛ በ0.96፣ 12.29 ይሆናል። ወይም መሣሪያው ላይ ፍጥነቱን ከ5920 ወደ 5683 ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ውጤቱ አንድ ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መምረጥ ግን ግዴታ ነው።

ይህ ግማሽ ሚሊ ሜትር ምን ያደርጋል? ያው ቧንቧ ከሁለት ዓመት በፊት ቆሞ በቀዘቀዘበት ጊዜ 12.60 ተለክቶ ነበር እንበል። አሁን በጋለበት 12.80 ሲነበብ ግድግዳው የወፈረ ይመስላል። መዝገቡን የሚያየው ሰው «የመለካት ስህተት ነው፣ ዝገት የለም» ብሎ ያልፈዋል። ሲታረም ግን 0.31 ሚሊ ሜትር ጠፍቷል፤ በዓመት 0.155 መሆኑ ነው። የሚቀጥለው የምርመራ ቀን የሚወሰነው በዚህ ቁጥር ነው።

ደንቡ አማካይ መሆኑ መረሳት የለበትም። ፍጥነቱ የሚቀንሰው በቀጥተኛ መስመር አይደለም፤ በጣም በቀዘቀዘ ሙቀት መስመሩ ጠፍጣፋ ነው፣ በክፍል ሙቀት አካባቢ አዘንብሏል፣ ወደ ላይ ሲወጣ ቁልቁለቱ ይበረታል። ስለዚህ በ60 ወይም በ80 ዲግሪ ላይ ይህንን ደንብ መጠቀም ከሚገባው በላይ መቀነስ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ላይ ግን ጠቅላላ እርማቱ 1 ፐርሰንት አካባቢ ስለሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ከላይ በኩል ደግሞ ወሰን አለ። የካርቦን ብረት በ727 ዲግሪ የውስጥ አደረጃጀቱን መለወጥ ይጀምራል፣ ንጹሕ ብረት በ770 ማግኔትነቱን ያጣል፤ በእነዚህ አካባቢ መስመሩ ይሰበራል። ከ400 ዲግሪ የተገኘን ቁልቁለት ወደ 750 መዘርጋት አይሠራም። አልሙኒየም ሌላ ብረት ነው፤ የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ስለሆነ ያው 200 ዲግሪ ለእሱ ወደ መቅለጫው የቀረበ ነው፣ ግትርነቱም ከአረብ ብረት ፈጥኖ ይወርዳል። የአረብ ብረትን 1 ፐርሰንት ለአልሙኒየም፣ ለመዳብ ወይም ለማይዝግ ብረት ማዋል ግምት እንጂ መለካት አይባልም።

ከደንቡ የሚሻለው ካሊብሬሽን ብሎኩን (መሣሪያው የሚስተካከልበትን፣ ውፍረቱ የሚታወቅ የብረት ቁራጭ) ራሱን ማሞቅ ነው። ብሎኩ ከሚለካው ዕቃ ጋር አንድ ዓይነት ብረት ይሁን፤ ቢቻል ከዚያው ቧንቧ የተቆረጠ። ወደ ሥራው ሙቀት ይድረስ፣ ከዚያ መሣሪያው የሚታወቀውን ውፍረት እስኪያነብ ድረስ ፍጥነቱ ይስተካከል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነጥብ አለ። ብሎኩ ሲግል ራሱም ወፍሯል፤ በ220 ዲግሪ ልዩነት 0.26 ፐርሰንት ያህል። ቀዝቃዛ ሳለ በማይክሮሜትር የተለካው ቁጥር ከተሞላ፣ መሣሪያው የሚያሳየው ቧንቧው ቢቀዘቅዝ የሚኖረውን ውፍረት ነው። ለዝገት መዝገብ የሚፈለገውም ይኸው ነው፣ ምክንያቱም የንድፍ ውፍረት የተሰጠው በቀዝቃዛው ነው። ስለዚህ ቀዝቃዛውን ቁጥር መሙላትና የመስፋት እርማት አለመጨመር ትክክለኛው መንገድ ነው። በጋለ ብሎክ ካሊብሬት ከተደረገ በኋላ ሌላ የሙቀት እርማት መደመርማ ጨርሶ ስህተት ነው።

የራሳቸውን ሠንጠረዥ ማውጣት ለሚፈልጉ፣ ከሚያስፈልገው ሁሉ ትልቁ ትዕግሥት ነው። 25 ሚሊ ሜትር ውፍረትና ቢያንስ 50 በ50 ሚሊ ሜትር ገጽ ያለው ብሎክ ይበቃል፤ ገጹ ጠባብ ከሆነ ከጎን ግድግዳዎች የሚመለሱ ማሚቶዎች ይደባለቃሉ። ሁለቱ ገጾች ተሞርደው ትይዩ መሆን አለባቸው። ከጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ወደ ውስጥ 15 ሚሊ ሜትር ይበሳና የኬ ዓይነት ቴርሞኮፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ) ይገባበታል፤ ቀዳዳው ፕሮቡ (ድምፁን የሚልከውና ማሚቶውን የሚቀበለው የመሣሪያው ክፍል) ከሚቀመጥበት ቦታ ሥር እንዳይሆን። ምድጃው በ50 ዲግሪ ደረጃ ከፍ እየተደረገ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ንባቡ ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም ይወሰድ። የሁለቱ ጉዞ መስመሮች ካልተገጣጠሙ፣ ቴርሞኮፕሉና ድምፁ የሄደበት ብረት አንድ ሙቀት ላይ አልነበሩም ማለት ነው፤ መቆያውን ማርዘም ያስፈልጋል።

ጊዜው ከመጀመሪያው ማሚቶ እስከ ሁለተኛው ማሚቶ መለካት አለበት። ድምፁ ከተላከበት ቅጽበት እስከ መጀመሪያው ማሚቶ ከተለካ የፕሮቡ፣ የጫፉ ፕላስቲክና በፕሮቡና በብረቱ መካከል የሚቀባው ጄል ጊዜ ሁሉ ገብቶበታል፤ እነዚህም ከሙቀት ጋር ይለዋወጣሉ። በሁለቱ ማሚቶዎች መካከል ያለው ግን የብረቱ ጊዜ ነው። በ25 ሚሊ ሜትር ብሎክ፣ በ20 ዲግሪ፣ 8.446 ማይክሮ ሰከንድ ይሆናል። በ200 ዲግሪ፣ በደንቡ ብንሄድ፣ ፍጥነቱ ወደ 5726 ይወርዳል፣ ጊዜው 8.73 ይደርሳል። ልዩነቱ 0.29 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። በ5 ሜጋኸርዝ ፕሮብ አንድ ሙሉ ዑደት 0.2 ማይክሮ ሰከንድ ስለሆነ፣ በሁለቱ ማሚቶዎች ላይ የተሳሳተ የሞገድ ጫፍ ከተመረጠ የሚገባው ስህተት በዚያው ደንብ 130 ዲግሪ ያህል ሙቀትን ይተካከላል። በአንዱ ማሚቶ ላይ የተያዘው ጫፍ በሌላውም ያው ጫፍ መሆኑን ስክሪኑ ላይ አጉልቶ ማየት የግድ ነው። ቁጥሮቹ በአንድ ደረጃ ላይ ድንገት በ0.1 ወይም በ0.2 ከዘለሉ ብረቱን አትጠርጥሩ፤ የዘለለው ጠቋሚው ነው።

እስካሁን ያልነው ስለ ብረቱ ነው። በሥራ ላይ ግን የስህተቱ ሌላ ግማሽ ፕሮቡ ጫፍ ላይ ነው። ለጋለ ገጽ የሚሠሩ ፕሮቦች ድምፁን የሚያመነጨውን ክሪስታል ከሙቀቱ የሚያርቅ ዲሌይ ላይን የሚባል የፕላስቲክ ቁራጭ አላቸው። የፕላስቲክ የድምፅ ፍጥነት በሙቀት የሚወርደው ከብረት እጅግ ፈጥኖ ነው። ለምሳሌ በፐርስፔክስ ውስጥ ፍጥነቱ በክፍል ሙቀት 2730 ሜትር በሰከንድ ሆኖ በየዲግሪው ወደ 2.5 ይቀንሳል፤ በ11 ዲግሪ ብቻ 1 ፐርሰንት ማለት ነው። 10 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ዲሌይ ላይን ደርሶ መልሱን በ7.3 ማይክሮ ሰከንድ ይጨርሳል፤ የዚህ 1 ፐርሰንት ወደ ብረት ውፍረት ሲለወጥ 0.22 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አቅጣጫውም ከብረቱ ስህተት ጋር አንድ ነው፤ ንባቡን ያወፍራል። ለሙቀት የተሠሩ ፕላስቲኮች ከፐርስፔክስ የበለጠ ይችላሉ፤ ጠባያቸው ግን ያው ነው።

መድኃኒቱ ዜሮውን (መሣሪያው የብረቱን ጊዜ መቁጠር የሚጀምርበትን ነጥብ) ቶሎ ቶሎ ማደስ ነው። ሁለት ክሪስታል ያለው ፕሮብ ከሆነ ከገጹ ተነሥቶ፣ ጄሉ ተጠርጎ፣ በየጥቂት ንባቡ ዜሮ ይደረጋል፤ አንዳንድ መሣሪያዎች ይህን ራሳቸው ያደርጋሉ። ፕሮቡ ሞቆ ሳለ ዜሮ ተደርጎ ከዚያ ረጅም ጊዜ ከተቀመጠ ግን ይቀዘቅዝና ስህተቱ ተገልብጦ ንባቡ ይሳሳል። አንድ ክሪስታል ላለው፣ ከዲሌይ ላይኑ ጫፍ ከሚመለሰው ማሚቶ ጀምሮ መለካት የሚችል መሣሪያ ካለ ችግሩ ከሥሩ ይወገዳል።

ፕሮቡ ከጋለው ገጽ ጋር የሚቆየው ከ10 ሰከንድ ባልበለጠ ነው፤ ከዚያ ቢያንስ ለአንድ ደቂቃ በአየር ይቀዝቅዝ። ተራ ፕሮብ ከ50 ዲግሪ በላይ ባለ ገጽ ላይ ባይውል ይመረጣል። በባዶ እጅ ለመያዝ የሚያስቸግር ያህል የሞቀ ፕሮብ ውስጡ መጎዳት ጀምሮ ይሆናል፤ ክሪስታሉን ከፕላስቲኩ ጋር የያዘው ሙጫ ይላቀቃል፣ ያን ጊዜ ማሚቶው ይዳከማል እንጂ ፕሮቡ ከውጭ ሲታይ ደህና ነው። ግሊሰሪን ከ90 ዲግሪ በላይ አይረባም፤ ለከፍተኛ ሙቀት የተሠራ ጄል ያስፈልጋል፣ ከመግዛት በፊት በስንት ዲግሪ በራሱ እንደሚቀጣጠል መመሪያው ላይ ማንበብም ግዴታ ነው። በጣም በጋለ ገጽ ላይ ጄሉ ፕሮቡ ጫፍ ላይ ይደረጋል፤ ገጹ ላይ ቀድሞ የፈሰሰ ጄል ፕሮቡ ሳይደርስ ይደርቃል። ከዚያ ፕሮቡ ቀጥ ብሎ በአንድ ጊዜ ይጫን፣ አይታሽ፣ አይዞር። የሞቀ ብረት ድምፁንም ያዳክማል፤ ጌይኑን (የማሚቶውን ማጉያ) ከፍ ማድረግ፣ ካልበቃም ከ5 ሜጋኸርዝ ወደ 2.25 መውረድ ይረዳል። የመሣሪያው ስክሪን ማቆሚያ ቁልፍ እዚህ ላይ ዋጋው ትልቅ ነው፤ ንባቡን ያዙ፣ ፕሮቡን አንሡ፣ ከዚያ በእርጋታ አንብቡ።

የገጹ ሙቀት ራሱ እንዴት እንደተለካ መጠየቅ አለበት። ያንጸባርቅ ዘንድ በጠራ ብረት ላይ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ከእውነተኛው ብዙ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል፤ የንክኪ ቴርሞኮፕል ይሻላል። ድምፁ የሚጓዘው በግድግዳው ሁሉ ስለሆነ የሚያስፈልገው የውስጡና የውጩ አማካይ ነው። በቀጭን ግድግዳ የገጹ ሙቀት ይበቃል፤ መሸፈኛው ተነሥቶ ነፋስ በሚመታው ወፍራም ግድግዳ ላይ ግን ውጩ ከውስጡ ይቀዘቅዛል፣ እርማቱም ያንሳል።

በብየዳ ፍተሻ የማዕዘን ፕሮብ (ድምፁን በሰያፍ የሚልክ) ለሚጠቀም ሰው ነገሩ ከዚህም ይከፋል፤ የሙቀቱ ስህተት ርቀትን ብቻ ሳይሆን አቅጣጫንም ያዛባል። ድምፁ ከፐርስፔክስ ሽብልቅ ወደ ብረቱ ሲገባ የሚታጠፍበት ማዕዘን በሁለቱ ፍጥነቶች ሬሾ ይወሰናል። ሽብልቁ ሲሞቅ ፍጥነቱ ከብረቱ ይልቅ ስለሚወርድ ማዕዘኑ ይከፈታል። ሽብልቁም ብረቱም ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ቢሞቁ፣ ማዕዘኑ 70 ዲግሪ የተባለው ፕሮብ ሲሰላ ወደ 76 ይጠጋል። 45 ዲግሪ የተባለው ግን ከ47 አያልፍም። በ70ው ፕሮብ፣ በ60 ሚሊ ሜትር የድምፅ መንገድ ላይ የተገኘ ስንጥቅ ጥልቀቱ 20.5 ተብሎ ይጻፋል፤ የሚገኘው ግን ወደ 14.7 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። ለጥገና የሚቆፍረው ሰው በተነገረው ጥልቀት አያገኘውም። የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር (ኤ.ኤስ.ኤም.ኢ.) ደንብ ክፍል 5 በካሊብሬሽን ብሎኩና በሚፈተሸው ገጽ መካከል ከ14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የበለጠ ልዩነት እንዳይኖር የሚያዘው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ14 ዲግሪ ያው ፕሮብ የሚከፈተው ወደ 72 ብቻ ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ዕቃ በጥላ ካሊብሬት በተደረገ ፕሮብ ሲፈተሽ ይህ ወሰን በቀላሉ ይታለፋል።

የቡሎን ውጥረት በአልትራሳውንድ ለሚለኩም የሙቀት ልዩነት ትንሽም ቢሆን ትልቅ ነው። 100 ሜጋፓስካል ውጥረት ቡሎኑን የሚያስረዝመው 0.05 ፐርሰንት ገደማ ነው። ውጥረቱ ራሱ ድምፁን ስለሚያዘገየው ጠቅላላው የጊዜ ለውጥ ከዚያ ጥቂት እጥፍ ይሆናል፤ ቢሆንም ከ1 ፐርሰንት እጅግ ያነሰ ነው። በ10 ዲግሪ ሙቀት ብቻ የሚመጣው መዘግየት ከዚህ ጋር ይወዳደራል። ቡሎኑ ሳይጠብቅና ከጠበቀ በኋላ ሲለካ ሁለቱም ሙቀቶች ካልተመዘገቡ፣ የጠዋቱ ቅዝቃዜና የቀትሩ ሙቀት ልዩነት እንደ ውጥረት ሆኖ ይነበባል።

በመዝገቡ ላይ ከእያንዳንዱ የጋለ ንባብ ጎን አራት ነገሮች ይጻፉ፦ የገጹ ሙቀት፣ ካሊብሬሽኑ የተደረገበት ሙቀት፣ መሣሪያው ላይ የተሞላው ፍጥነት፣ እና ቁጥሩ ታርሞ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ። አራተኛው ሲጎድል፣ በቦታው ታርሞ 12.29 ተብሎ የመጣ ቁጥር ቢሮ ውስጥ እንደገና በ0.96 ይባዛና 11.80 ይሆናል፤ ደህና የነበረ ቧንቧም ያለ ጥፋቱ ይቀየራል።